«የማን ነህ?» ጋኒባል የሚለው የሩሲያ ስም እና የተሸከሙት ሰዎች

አጎቴ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ሌኒንግራድ ምህንድስና ተምሮ ሲመለስ ይዟቸው ከመጣው ጥቂት ዕቃዎች መካከል አንዱ እስካሁን በእኔ እጅ ያለ የፖስታ ካርድ ነው። ካርዱ ላይ የሚታየው ከፕስኮቭ ከተማ በስተደቡብ ፔትሮቭስኮዬ በተባለ መንደር፣ ሐይቅ ዳር፣ በረጃጅም ዛፎች መካከል የቆመ የእንጨት ቤት ነው። አጎቴ ጀርባው ላይ በእርሳስ፣ በዚያ ጥንቁቅ የእጅ ጽሑፉ፣ አራት ቃላት ብቻ አስፍሯል፦ «የጋኒባል ቤት። የኛ ሰው።» እርሳሱ ከዓመት ዓመት እየደበዘዘ መጥቶ ዛሬ «የኛ» የሚለው ቃል የሚነበበው ካርዱን ወደ መስኮት አስጠግተው ሲያዩት ነው።

በእነዚያ አራት ቃላት ላይ አጥብቄ ማሰብ የጀመርኩት ብዙ ቆይቶ ነው። በምኖርበት አገር አንድ መሥሪያ ቤት ለልጄ የልደት ወረቀት ሲያዘጋጅ የአባቴን ስም «የቤተሰብ ስም» ብሎ ለእሷም ለእኔም መዘገበው። አባቴ ለልጄ አያቷ ነው፤ በእኛ ወግ ልጅ የሚጠራው በአባቱ እንጂ በአያቱ አይደለም። ይህን ለማስረዳት ሞከርኩ፤ ሠራተኛዋ በትሕትና ካዳመጠችኝ በኋላ በቅጹ ላይ ሌላ ቦታ እንደሌለ ነገረችኝ። የዚያን ዕለት ማታ፣ አንድ ሰው ስሙን ከማን ይቀበላል፣ ማንስ ይሰጠዋል የሚለው ጥያቄ አላስተኛ ብሎኝ ካርዱን ከሣጥን አወጣሁት። ከዚያ ወዲህ የሩሲያው ገጣሚ የፑሽኪን አፍሪካዊ ቅድመ አያት ስለሆነው ስለ ጋኒባል ያገኘሁትን ሁሉ ሳነብ ቆይቻለሁ። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አጎቴ «የሩሲያን የቤተሰብ ስም ለመረዳት አማርኛ ይበቃል» ይል ነበር። እውነቱን ነው። በሩሲያኛ «ኦቭ» እና «ኢን» የሚሉት የስም መጨረሻዎች የሚሠሩት ሥራ በእኛ ቋንቋ «የ» የምትለዋ ፊደል ከቃሉ ፊት ሆና የምትሠራውን ነው። ኢቫኖቭ ማለት የኢቫን፣ ፖፖቭ ማለት የቄሱ፣ ኩዝኔትሶቭ ማለት የቀጥቃጩ ማለት ነው፤ (በእኛ አገር ስድብ ሆኖ የኖረው ሙያ እዚያ እጅግ ብዙ ሰዎች በኩራት የሚጠሩበት ስም መሆኑን ባሰብኩ ቁጥር ያሳዝነኛል።) ፑሽኪን የሚለው ስም ራሱ የመጣው ከስድስት መቶ ዓመት ገደማ በፊት ከኖረ ግሪጎሪ ከተባለ መኳንንት ነው፤ ቅጽል ስሙ «ፑሽካ»፣ ማለትም መድፍ፣ ስለነበር ዘሮቹ «የመድፉ» ተብለው ቀሩ። እነዚህ ስሞች ሁሉ ለአንድ ጥያቄ የተሰጡ መልሶች ናቸው፤ ጥያቄውም ማንኛውም የአገራችን ሽማግሌ መንገድ ላይ ያገኘውን ልጅ አስቁሞ የሚጠይቀው ነው፦ የማን ነህ?

ጋኒባል ግን መጨረሻው ላይ «ኦቭ» የለውም፣ «ኢን»ም የለውም። የማንም አይደለም። ይህ ሰው እንዲህ ያለ ስም ይዞ እንዴት ተገኘ የሚለውን ለመመለስ ልጁን ከመጀመሪያው መከተል ያስፈልጋል።

ልጁ የተወለደው በ1696 አካባቢ በአፍሪካ ነው። በሰባት ወይም በስምንት ዓመቱ ከቤተሰቡ ተነጥቆ ወደ ቁስጥንጥንያ ተወሰደ፤ በ1704 ደግሞ ሳቫ ራጉዚንስኪ የተባለ በሩሲያ ዙፋን አገልግሎት ላይ የነበረ ነጋዴ ከዚያ አውጥቶ ለታላቁ ጴጥሮስ እጅ መንሻ አድርጎ ላከው። ስሙ ኢብራሂም ነበር። ኢብራሂም የሚለውን ስም የሰጡት ወላጆቹ ይሁኑ ወይም የቱርክ ጌቶቹ ከዚህ ታሪክ ማንም ሊለየው አይችልም፤ ይሁን እንጂ ልጁ የራሴ ብሎ የያዘው እሱን ነው። ሩሲያ ሲደርስ ሰዎች የሚጠሩት «አራፕ» እያሉ ነበር፤ ቃሉ «ዓረብ» ከሚለው የመጣ ሆኖ በዚያ ዘመን ለጥቁር ሰው ሁሉ የሚውል መጠሪያ ነበር፤ ስም ግን አይደለም።

በ1705 ንጉሡ ቪልኒየስ ውስጥ በሚገኝ ቤተ ክርስቲያን ልጁን አስጠመቀው፣ ራሱም የክርስትና አባት ሆነው። ከዚህ በኋላ የሆነውን የነገረን የልጅ ልጅ ልጁ አሌክሳንድር ፑሽኪን ነው። በጥምቀቱ ጴጥሮስ የሚል ስም ወጣለት፤ ልጁ ግን አለቀሰ፣ አዲሱን ስም አልፈልግም አለ፣ እስኪሞትም ድረስ ኢብራሂም ወደ ሩሲያኛ የተመለሰበትን «አብራም» የሚለውን ስም ይዞ ቆየ። አገሩን፣ ቤተሰቡን፣ ቋንቋውንና ሃይማኖቱን የተነጠቀ ሕፃን በዚያን ሰዓት እጁ ላይ የቀረው ስሙ ብቻ ነበር፤ እሱንም ሊወስዱበት ሲሉ የአገሪቱ ንጉሥ ፊት ቆሞ አለቀሰ። እኔ በዚህ ሰው ታሪክ ውስጥ ብዙ ጦርነትና ብዙ ሹመት አንብቤያለሁ፤ ከዚህ ልቅሶ የሚበልጥብኝ ግን አላገኘሁም።

ይሁን እንጂ ሰነድ ላይ ልቅሶ አይሠራም። ሩሲያ ውስጥ ሰው በሦስት ስም ይጻፋል፤ የራሱ፣ የአባቱና የቤተሰቡ። የልጁን አባት ስም የሚያውቅ ወይም ማወቅ የፈለገ ሰው ስላልነበረ በአባት ስም ቦታ የክርስትና አባቱ ገባ፤ አብራም ፔትሮቪች ተባለ። በቤተሰብ ስም ቦታም ይኸው ሰው ገባ፦ ፔትሮቭ። ወደ አማርኛ ብንመልሰው «የጴጥሮስ ልጅ፣ የጴጥሮስ የሆነው አብራም» እንደ ማለት ነው። እምቢ ያለው ስም በፊት በር ቢመለስም በጓሮ በር ሁለት ጊዜ ገባ።

በዚህ ስም ብዙ ዓመት ኖረ። ከንጉሡ ጋር ዘመተ፣ በመኝታ ክፍሉ አጠገብ እያደረ ወረቀቶቹን ይጠብቅ ነበር። በ1717 ወደ ፈረንሳይ ለትምህርት ሄዶ በፈረንሳይ ጦር ውስጥ ከስፔን ጋር በተደረገው ጦርነት ተዋጋ፣ ራሱ ላይ ቆሰለ፣ ቀጥሎም በላ ፌር የመድፈኞች ትምህርት ቤት የምሽግ አሠራርንና ሒሳብን ተማረ፤ በ1723 ሲመለስ መጻሕፍቱን ጭኖ ነው። ጴጥሮስ በ1725 ሞተ። በሚቀጥለው ዓመት አብራም ስለ ጂኦሜትሪና ስለ ምሽግ ሥራ በእጅ ጽፎ ያዘጋጀውን መጽሐፍ ለንግሥት ካትሪን ቀዳማዊት ሲያበረክት የፈረመው አሁንም «አብራም ፔትሮቭ» ብሎ ነው።

ከዚያ ጠባቂ አጣ። በ1727 የቤተ መንግሥቱ ኃያል ሰው ሜንሺኮቭ ምሽግ ይሠራ በሚል ሰበብ ወደ ሳይቤሪያ፣ ከባይካል ሐይቅ ማዶ ወደ ቻይና ድንበር ላከው፤ ግዞት መሆኑ ለማንም የተሰወረ አልነበረም። ከሞስኮ በሺዎች ኪሎ ሜትር ርቆ፣ የሞተ ንጉሥ ንብረት መሆኑን የሚናገር ስም ይዞ፣ በዚያ ብርድ ውስጥ ምን እንዳሰበ አልጻፈልንም። የምናውቀው ከጴጥሮስ ሞት በኋላ ባሉት ዓመታት ፔትሮቭ ከወረቀቶቹ ላይ እየጠፋ፣ ጋኒባል የሚለው እየተተካ መሄዱን ነው።

የስሙ ምንጭ የካርታጎው ሃኒባል ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ218 ዝሆኖቹን ይዞ የአልፕስን ተራሮች አቋርጦ ወደ ሮማውያን ምድር የወረደው፣ በ216 ደግሞ ካኔ በተባለ ሜዳ ሠራዊታቸውን የደመሰሰው ያ አፍሪካዊ የጦር አዛዥ ነው። በአሥራ ስምንተኛው ክፍለ ዘመን አውሮፓ ውስጥ አንድ የተማረ መኮንን አፍሪካ ሲባል በአክብሮትና በፍርሃት የሚያስታውሰው ስም ይኸኛው ነበር። የመድፍና የምሽግ ባለሙያ የሆነ ጥቁር ሰው ይህን ስም ሲይዝ ከየት እንደመጣና ምን እንደሚችል ባንድ ቃል ተናገረ ማለት ነው። ሩሲያኛ እንደ እኛ ያለ ለስላሳ የ«ሀ» ድምፅ ስለሌለው ከውጭ የመጣው «ሀ» በአብዛኛው «ገ» ይሆናል፤ ሆላንድን ጎላንዲያ፣ ሃምቡርግን ጋምቡርግ እንደሚሉት ሁሉ ሃኒባልም ጋኒባል ሆነ። ፑሽኪን ደግሞ እንደ ፈረንሳዮቹ ድምፁን ጭራሽ ጥሎ «አኒባል» ብሎ ይጽፈው ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ካርታጎዎች የሚናገሩት ቋንቋ የዕብራይስጥ የቅርብ ዘመድ፣ የግዕዝም የሩቅ ዘመድ ነው። ሃኒባል ማለት «በኣል ሞገስ ሰጠ» ማለት ሲሆን ግሡ «ሐነነ» የሚለው ነው። ዮሐንስ የሚለው ስም «እግዚአብሔር ሞገስ ሰጠ» የሚል ትርጉም የሚያገኘው ከዚሁ ሥር ነው፤ ሐናም ከዚሁ ናት። በየሰፈራችን የምንጠራቸው ዮሐንሶችና ሐናዎች ከጋኒባል ጋር የአንድ ሥር ቅርንጫፎች ናቸው። ይህ የዘር ማስረጃ አይደለም፤ ቢሆንም ለእኔ በካርዱ ላይ ካለው ቤት ይበልጥ ይህ ነገር ሰውየውን አቀረበልኝ።

በ1742 ሁኔታው ተለውጧል። የጴጥሮስ ልጅ ኤልሳቤጥ ዙፋን ላይ ወጥታለች፤ አብራም ሜጀር ጄኔራል ሆኖ ዛሬ ታሊን የምትባለውን የሬቫልን ከተማ በአዛዥነት ይመራል። በዚያ ዓመት የመኳንንት ማረጋገጫና የቤተሰብ ዓርማ እንዲሰጠው ለሴኔቱ ማመልከቻ አቀረበ። ስለ ራሱ የጻፈው አጭር ነው፦ ትውልዱ ከአፍሪካ ከዚያ አገር መኳንንት ወገን መሆኑን፣ የተወለደውም በአባቱ ግዛት ላጎን በምትባል ከተማ መሆኑን፣ አባቱም ከእሷ ሌላ ሁለት ከተሞች እንደነበሩት ይገልጻል። የአባቱን ስም ግን አልጻፈም። ይህን ማመልከቻ ሳነብ ዓይኔ የሚፈልገው ያንን ስም ነው፤ ከተማው አለ፣ ግዛቱ አለ፣ የከተሞቹ ቁጥር ሳይቀር አለ፣ የአባቱ ስም የለም።

ማኅተሙ ላይ የቀረጸው ዘውድ የተሸከመ ዝሆንና «ፉሞ» ተብለው የሚነበቡ አምስት የላቲን ፊደላት ናቸው። ፊደላቱ «ዕጣ ሕይወቴን ፈጽሞ ለወጠችው» የሚል የላቲን ዓረፍተ ነገር መነሻዎች ናቸው የሚሉ አሉ፤ ሌሎች ደግሞ በቻድ ሐይቅ አካባቢ የሚነገረው የኮቶኮ ቋንቋ ቃል ነው ይላሉ።

ይህ ልዩነት በቀጥታ ወደ አጎቴ ጽሑፍ ይወስደናል። «የኛ ሰው» የሚለው እምነት ምንጩ የአብራም አማች በጀርመንኛ የጻፈው የሕይወት ታሪክ ነው፤ እዚያ ላይ የሐበሻ መስፍን ልጅ ተብሏል። በ1899 ዲሚትሪ አኑቺን የተባለ ሩሲያዊ ምሁር ላጎን ማለት ከመረብ ወንዝ ማዶ ሐማሴን ውስጥ ያለችው ሎጎ ናት ብሎ ጻፈ፤ ከዚያ በኋላ በሩሲያም በእኛም ዘንድ ነገሩ የተረጋገጠ ያህል ሆነ። አዲስ አበባ ሳር ቤት አካባቢ ያለው ፑሽኪን አደባባይ ስሙን ያገኘው፣ አስመራም ለገጣሚው ሐውልት ያቆመችው በዚሁ እምነት ነው። በ1990ዎቹ ግን ዲዩዶኔ ኛማንኩ የተባለ የቤኒን ተወላጅ የታሪክ ተመራማሪ ላጎን በዛሬው ካሜሩን ሰሜናዊ ጫፍ የምትገኘው የሎጎን ከተማ መሆኗን በሰፊው ተከራከረ፤ ዛሬ ብዙ ተመራማሪዎች ወደዚህ ያዘነብላሉ።

እኔ የሐበሻ ልጅ ቢሆን ደስ ይለኝ ነበር። ነገር ግን አብራም ራሱ በፈረመው ወረቀት ላይ ያለው «አፍሪካ» እና «ላጎን» ብቻ ነው፤ ሐበሻ የሚለውን የጨመረው ከእሱ በኋላ የጻፈ ሌላ ሰው ነው። በሰሜን ካሜሩንም አንድ ልጅ የፖስታ ካርድ ይዞ «የኛ ሰው» ብሎ ቢጽፍ የሚከለክለው ነገር የለም። ከዚህም በላይ የሚያሳስበኝ «የኛ» የሚለው ቃል ራሱ ነው። ይህ ሰው የጴጥሮስ መባልን ትቶ፣ በዕድሜው እኩሌታ ላይ፣ የማንም የማይል ስም ለራሱ መረጠ። አጎቴን እጅግ እወደዋለሁ፤ እርሳሱ እየደበዘዘ ሲሄድ ግን ደርቤ አልጻፍኩበትም።

ስሙ ከባለቤቱ አልፎ ወደ ልጆቹ ሲሄድ ሌላ ታሪክ ይጀምራል። አብራም ከመጀመሪያ ሚስቱ ጋር ሃያ ዓመት ያለፈ መራራ የፍቺ ክርክር ነበረው፤ ልጆቹን ያፈራው ከክርስቲና ሬጊና ሾበርግ፣ የስዊድን ዘር ካላት ሴት ነው። የበኩር ልጁ ኢቫን የባሕር ኃይል መኮንን ሆኖ በ1770 የናቫሪኖን ምሽግ ከቱርኮች እጅ ተረከበ፣ በዚያው ዓመት በቼስሜው የባሕር ጦርነት ተካፈለ፣ በ1778 ደግሞ በድኒፕሮ ወንዝ ዳር የኬርሶንን ከተማ እንዲቆረቁር ተላከ። ከአንድ ትውልድ በፊት ከቱርክ ዋና ከተማ እንደ ዕቃ የተላከው ሰው ልጅ የቱርክን ምሽግ ቁልፍ ተቀበለ፤ ጋኒባል የሚለው ስምም በጻርስኮዬ ሴሎ የቤተ መንግሥት መናፈሻ በቆመ የድል ዓምድ ላይ ተቀረጸ። አባቱ ይህን ሁሉ በሕይወት ሳለ ሰምቷል፤ የሞተው በ1781 ነው።

ሦስተኛው ልጅ ኦሲፕ ግን እንደ ታላቅ ወንድሙ አልነበረም፤ ዕዳ የበዛበት፣ አንዷን ሚስት ትቶ ሌላ በማግባቱ የተፈረደበት ሰው ነው። ለእኛ ጉዳይ የሚጠቅመው ስሙ ነው። አባቱ ያወጣለት ስም ያኑዋሪ ነበር፤ እናቱ ክርስቲና ግን በጀርመንኛ በታሰረው አንደበቷ አልጠራልህም ስላላት ኦሲፕ ብላው ቀረ። በዚያ ቤት ውስጥ ስም እምቢ ያለው አባትየው ብቻ አልነበረም። የኦሲፕ ልጅ ናዴዥዳ በ1775 ተወለደች፤ የእሷም ልጅ በ1799 የተወለደው ገጣሚ ነው። የመድፈኛው የልጅ ልጅ ልጅ በአባቱ ወገን «የመድፉ» ተብሎ መጠራቱን ሳስተውል ለብቻዬ ፈገግ ብያለሁ።

ፑሽኪን የእናቱን ወገን ስም አልተሸከመም፤ የተሟገተለት ግን እሱ ነው። በ1830 ቡልጋሪን የተባለ ጋዜጠኛ፣ የአንድ ገጣሚ ጥቁር ቅድመ አያት በአንድ ጠርሙስ ሮም መጠጥ ለመርከበኛ የተሸጠ ነው ብሎ ጻፈ፤ ፑሽኪን የተሸጠው ሰው የንጉሡ የቅርብ ሰው እንጂ ባሪያው እንዳልነበረ በግጥም መለሰለት። የአብራም ሌላ ልጅ የኢሳቅ ልጅ የሆነው ፓቬል ጋኒባል ደግሞ በ1825ቱ የዲሴምበር ዓመፅ ለተያዙት ሰዎች በመወገኑ ታስሮ ተግዟል።

ይህን ሁሉ በአድናቆት ከጻፍኩ በኋላ ልሰውረው የማልችለው ነገር አለ። አብራም ጋኒባል በ1759 ከሴንት ፒተርስበርግ በስተደቡብ ሱይዳን ከነመንደሮቿ ሲገዛ ጭሰኞቹንም አብሮ ገዛ። ከእነሱ መካከል አንዲት የአንድ ዓመት ሕፃን ነበረች፤ አድጋ የፑሽኪን ሞግዚት የሆነችው፣ ተረቱን ሁሉ የነገረችው አሪና ሮዲዮኖቭና ናት። ከባርነት ወጥቶ ስም ያገኘው ሰው እሷን ከነመሬቱ ገዛት። የሩሲያ ጭሰኞች ብዙዎቹ እስከ 1861ዱ ነፃነት ድረስ፣ ከዚያም በኋላ፣ ቋሚ የቤተሰብ ስም አልነበራቸውም፤ ሮዲዮኖቭና ማለት የሮዲዮን ልጅ ማለት ብቻ ነው። እንደ እኛ በአባቷ ስም ትጠራለች። ጌታዋ ያላገኘውን፣ ማመልከቻው ላይም ሊጽፈው ያልቻለውን የአባት ስም ጭሰኛዋ ይዛው ነበር።

ሽማግሌው ጋኒባል በሱይዳ የመጨረሻ ዓመታቱን ሲያሳልፍ የሚያስታውሰውን ፑሽኪን በ1825 ባሳተመው የግጥም ልቦለድ ምዕራፍ ማስታወሻ ላይ አስቀምጦታል። አባቱ ቤት አሥራ ዘጠኝ ወንድሞች እንደነበሩት፣ እሱ የመጨረሻው መሆኑን፣ ታላላቆቹ ወደ አባታቸው ሲቀርቡ እጃቸው የኋሊት እየታሰረ እሱ ብቻ ግን እንደ ልቡ በውኃ ምንጮቹ ሥር ይዋኝ እንደነበር ይናገራል። የአሥራ ዘጠኙ ወንድሞች ስም አልተጻፈም። የአባትየው አልተጻፈም፤ የእናትየውም አልተጻፈም። የተጻፈው የአንዲት እህቱ ስም ብቻ ነው፤ መርከቡ እሱን ይዞ ከባሕሩ ዳርቻ ሲርቅ ከኋላው እየዋኘች የተከተለችው እህቱ ላጋን ትባላለች።